የጉብታው ስልክ

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ላይ የስልክ መስመር ጠፍቶ ሰነበተ። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ የባንክ ሠራተኛ ወጣት አለ። ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ፣ የውኃ ታንከሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ሲያዞር አገኘሁት። እኔን ሲያይ አፈረና ወረደ። «እትዬ ባንች፣ እናንተ በኛ ዕድሜ ያለ ስልክ እንዴት ነበር የምትኖሩት?» አለኝ። «እኔማ ነበረኝ። አገሩ ሁሉ ሳይኖረው እኔ ነበረኝ» አልኩት። «ታድለዋል!» ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ግን ጆጉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ውኃው እጄ ላይ ፈስሶ አለቀ።

ሃያ አምስት ዓመት ያለፈኝ፣ ሠላሳ ያልሞላኝ ሰው ነበርኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩት ሾላ ምድር በምትባል የገጠር ቀበሌ ነበር። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት መሀል ላይ ከመኪና ይወረዳል፤ ከዚያ በእግር ነው። በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ ድንጋዩ የሚያገጥጥ አንድ ወንዝ ይሻገሩና የበቆሎውን ማሳ ለማሳ ሲሄዱ ጤና ኬላው ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ብቅ ይላል። እኔ የምኖረው ከኬላው ጓሮ ባለች ባለ ቆርቆሮ አንዲት ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት እየዞርኩ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ እጨቃጨቃለሁ፤ ሕፃናት እከትባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወባ የያዘው ሲመጣ ጣቱን ወግቼ መርምሬ ኪኒን እሰጣለሁ። ወደ ማታ ላምባ ምድጃዬን አቀጣጥዬ ሽሮዬን እጥዳለሁ። ሕይወቴ ይህ ነበር፤ አልጠላሁትም።

አንድ አመል ነበረብኝ፤ መሣሪያ እወዳለሁ። የኔ ጓደኞች ደመወዝ ሲወጣ ጫማና ሻሽ ሲገዙ፣ እኔ ቡሬ ገበያ ወርጄ ሬድዮ ጠጋኙ ዘንድ እቀመጣለሁ። አጭር ሞገድ የሚስብ ሬድዮ ነበረኝ። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ነበረኝ። ሰዓት በሞላ ቁጥር ዜማ የሚያሰማ የእጅ ሰዓት ነበረኝ፤ ጸሎት ላይ ጮኾብኝ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አፍሬ ወጥቻለሁ። የሬድዮው ድንጋይ ሲደክም አልጥለውም፤ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ ደርቆ ሲሞቅ አንድ ሁለት ቀን ነፍስ ይዘራል። እናቴ ከፍኖተ ሰላም ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ከፍታ ሽቦውን፣ ብሎኑን፣ የተሰበረውን ድምፅ ማጉያ አየችና «የኔ ልጅ፣ ሰው ለጎጆው ዕቃ ይሰበስባል፤ አንች ምን ልትወልጅ ነው ሽቦ የምታቅፊው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ምን ብዬ ላስረዳት? ዝም ያለ ዕቃ ከፍቼ፣ የተበጠሰውን አገናኝቼ፣ ድንገት ከሩቅ አገር የሰው ድምፅ ሲወጣ ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝን ነገር ለማንም ማስረዳት አልችልም ነበር።

ለአንድ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ስማቸው የሚባል ወጣት ነው፤ ከኬላው በታች የምትኖር የአንዲት ባልቴት አንድያ ልጅ። በዕድሜ ቢያንሰኝ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የመጣው እጁን ማጭድ ቆርጦት ነው። ቁስሉን ሳስር ዓይኑ ከመስኮቱ ላይ ካለው ሬድዮ አልነሣ አለ። «ሆዱን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ወዳጆች ሆንን። ከእርሻ ሲመለስ ሞፈሩን በር ላይ አስደግፎ ይገባና አብረን እንፈታለን፤ አብረን እንገጥማለን። አንድ ጊዜ ረዥም ሽቦ ኬላው ደጅ ካለው ዋንዛ ጫፍ ድረስ ወጥቶ አሰረና ሬድዮው የማናውቀውን ቋንቋ ሁሉ ለቃቀመ። ዛፉ ላይ ሆኖ «ባንች፣ ይኼ የየት አገር ሰው ነው?» ይላል። «እኔን ምን ያሳውቀኛል!» እላለሁ። «ብቻ ተቆጥቷል» ይላል፤ እንስቃለን።

ስልኬን የገዛሁት ያን ሰሞን ነው። ቁልፎቿ ትንንሽ፣ አናቷ ላይ መብራት ያላት፣ ሆዷ ውስጥ የእባብ ጨዋታ ያለባት ነበረች። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከጨርቅ በሰፋሁት ከረጢት ከትቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኳት። ባትሪዋን ለማስሞላት በየገበያ ቀኑ ቡሬ እወርዳለሁ፤ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ስልክ ሁሉ ከግድግዳ ላይ እንደ ቅል ተንጠልጥሎ ይውላል። በኋላ ግን ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አገኘሁና ከቆርቆሮው ላይ ሰቀልኩ። ስማቸው ሰሌዳዋን በቀን ሦስቴ እየወጣ ወደ ፀሐይ ያዞራት ነበር፤ የሱፍ አበባ ነበር የሚላት።

ስልክ መያዝና መስመር ማግኘት ግን ለየብቻ ናቸው። በሾላ ምድር መስመር የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ብቻ ነበር። ከወይራዋ ትንሽ ፈቀቅ ካሉ ይጠፋል። የመንደሩ የነፍስ አባት አባ ይትባረክ በወጣትነታቸው ጎጃምን ዞረው ቅኔ የተማሩ ቀልደኛ ቄስ ነበሩ። አንድ ቀን እያለከለክሁ ስወጣ አገኙኝና «ነቢያቱ ለምን ተራራ እንደሚወጡ ዛሬ ገና ገባኝ» አሉ።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። የሾላ ምድር ጎረምሳ ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ ሁመራና መተማ ይወርዳል። የወረደው ልጅ ኅዳር ታኅሣሥ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ወላጅ በሐሳብ ነው የሚያየው። አሁን ግን ባንች ስልክ ይዛለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናት አባቱ ጉብታው ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። አንዱ የልጁን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት፣ አንዱ በመዳፉ ላይ ጽፎ ይመጣል። እደውላለሁ፤ ሸለቆ አሻግረው እንደሚጣሩ ሁሉ ይጮሃሉ። እንቁላል ያመጡልኛል፤ ቃሪያ ያመጡልኛል። ስልኳ የኔ መሆኗ ቀረና የአገር ሆነች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ አገር፣ የሰው ሁሉ ደስታ በእጄ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ስማቸው ሁመራ ለመውረድ የቆረጠው በዚያው ዓመት ነው። እናቱ እትዬ ጠጄ አልወደዱትም። የበርበሬ ማሳ አላቸው፤ ለሁለት ሰው የሚያንስ አልነበረም። እሱ ግን ስልክ አማረው፤ ያውም ባለ ካሜራ። «ስመለስ አንች ከዚህ ጉብታ፣ እኔ ከዚያ ማዶ ጉብታ ሁነን እናወራለን» አለኝ። «ከዚያ ማዶ ሆነህ ብትጮህም እሰማሃለሁኮ» አልኩት። «መጮህማ ከብትም ይጮሃል» አለ። ሊሄድ ሲል ኬላው መጣ፤ አጎበር ሰጠሁት፤ ንዳዱ ሲጀምርህ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት። ቆላ ስለሚወርድ ልጅ ለማንም የምናገረውን ነው የተናገርኩት። አጎበሩን አገላብጦ አየና «ይኼ ሽቦ ቢሆን ሞገድ ይስብ ነበር» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት እሑድ ደወለ። ስልኩ ያንድ ሻይ ቤት ባለቤት ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ እሱ ዘንድ እየበሉ በሱ ስልክ አገራቸውን ያገኛሉ። እትዬ ጠጄ መጀመሪያ ስልኳን ገልብጠው ያዟት፤ አስተካክዬ ሰጠኋቸው። አነጋገራቸው ከሌላው ይለያል፤ አይጮኹም። ጎን ለጎን እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያወሩት። «ድምፁ ቀጥኗል። እህል አይበላም» አሉኝ አንድ ቀን ስልኳን ሲመልሱልኝ። መስመሩ ነው ድምፅ የሚያቀጥነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «በጄ» አሉ፤ አላመኑኝም።

ከዚያ ዝም አለ። አንድ እሑድ አልደወለም፤ የሚቀጥለውም አለፈ። ስንደውል አይነሣም፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠራም።

ጊዜው የበርበሬ ለቀማ ነበር። በሾላ ምድር ያን ሰሞን ምድሩ ቀይ ነው፤ ግቢው፣ ደጁ፣ የቤት ክዳኑ ሳይቀር በርበሬ ይሰጣበታል። አየሩ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ያስነጥሳል። በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ የወሩን ሪፖርት በቃል ለወረዳ ላስተላልፍ ጉብታው ላይ ወጥቻለሁ። እትዬ ጠጄ ከታች፣ ከጉብታው ግርጌ ካለው ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፤ ነጭ ሻሻቸው ይታየኛል። ወሬዬን ጨርሼ ስልኳን ልከታት ስል ጮኸች። የሻይ ቤቱ ቁጥር ነው።

«ሾላ ምድር ነው? የስማቸው አገር?» አለኝ አንድ የማላውቀው የወንድ ድምፅ።

«አዎ፣ ነው። ማን ልበል?»

«እኔ ባለ ሻይ ቤቱ ነኝ። ስማቸውን ወባ ጥሎት ሰንብቶ ነበር፤ እናንተን ማግኘት አቃተን። ትናንት ግን አረፈ። አሁን…»

ተቋረጠ።

ወይራዋን ዞርኩ። ስልኳን ከፍ አደረግሁ፤ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ደወልኩ፤ አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይጠራም። በኋላ እንደተረዳነው የዚያ አገር መስመር ወድቆ ነበር፤ ለብዙ ቀን አልተነሣም። እኔ ግን ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። «አረፈ።» ሕመሙ ለቆት አረፈ? ወይስ አረፈ? ምናለ ይህ ቋንቋችን ለሁለቱ ሁለት ቃል ቢያበጅላቸው ብዬ ወይራዋን ተደግፌ ቆምኩ። ቀኑ ብሩህ ነበር። ከታች አንድ ሰው በሬ ያባርራል።

«ባንች!» እትዬ ጠጄ ቀና ብለው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል። «ማን ነው?»

«ተቋረጠ፣ እትዬ!» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ከጉብታው በወዲያኛው በኩል ወረድኩና አባ ይትባረክን ቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ቃሉን ደግሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። «ትናንት ግን ነው ያለው፣ ወይስ ትናንት አረፈ ነው ያለው? ‹ግን› የምትለዋን በጆሮሽ ሰምተሻታል?» አሉኝ። ‹ግን› ካለ ሕመሙ ለቆታል፤ ‹ግን› ካላለ ክፉ ነው። የሰማሁ ይመስለኛል አልኩ። ሲያስደግሙኝ ሲያስደግሙኝ፣ የሰማሁትም ያልሰማሁትም ተቀላቀለብኝ። ‹ግን› ስለምፈልጋት ይሆን የሰማኋት? እሳቸው መቋሚያቸውን ደገፍ አሉ።

«ስንት ዘመን ሰምና ወርቅ ስፈታ ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ይችን አንዲት ቃል መፍታት አቃተኝ። ልጄ፣ በግማሽ ቃል መርዶ አይረዳም። ልጁ በሕይወት ካለ ሟርት ነው። ከሌለም ሰው ሄዶ፣ መቃብሩን አይቶ፣ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው።»

«እስከዚያ ምን ልበላቸው?»

«ታሟል በያት። መታመሙ እውነት ነው።»

የእትዬ ጠጄ ታላቅ ወንድም አያ ደምስ በማግስቱ ከቡሬ በአውቶቡስ ወደ ሁመራ ተነሡ። እኔ ቡሬ ድረስ ሸኘኋቸው። የወባውን ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ፣ አወሳሰዱን ነግሬ፣ የስልኬን ቁጥር አስይዤ ሰጠኋቸው። ከደረሱ እንዲደውሉልኝ ለመንኳቸው። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «አንች ብቻ ጸልይ» አሉኝ። እኚያ ሰው ከዚያ በፊት ከባሕር ዳር ወዲያ ሄደው አያውቁም። መኪናው ሲሄድ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዱ ሸንኮራ እያኘከ ገፍቶኝ አለፈ። አገሩ ሁሉ ደኅና ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ መናገር ይቸግረኛል። ሥራዬን እሠራለሁ። እናቶች ትኩሳት የያዛቸውን ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ጣታቸውን እወጋለሁ፤ ወባ ነው፤ ያቺኑ ኪኒን ከመደርደሪያዬ አንሥቼ እሰጣለሁ። ልጆቹ ይድናሉ፤ በሣልስቱ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ አያቸዋለሁ። መድኃኒቱ እዚህ፣ ልጁ እዚያ። ሥራዬን ስጨርስ ጉብታው ላይ እወጣለሁ። ስልኳን መዳፌ ላይ አድርጌ አያታለሁ። ስንቱን የተበጠሰ ሽቦ የቀጠልኩ ሰው፣ አሁን የምፈታው ብሎን፣ የማገናኘው ጫፍ የለኝም። የተበጠሰው የት አገር እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሬድዮዬን ያን ሰሞን አልከፈትኩትም።

እትዬ ጠጄ ይመጡ ጀመር። ያልተቀነጠሰ በርበሬ በሰፌድ ይዘው ጉብታውን ይወጡና ከጎኔ ይቀመጣሉ። ጭራውን እየቀነጠሱ ወደ አንድ ወገን ያደርጋሉ። እኔም አግዛለሁ። ብዙ አናወራም። አንድ ቀን እጃቸውን ሳያቋርጡ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ባንች፣ ያን ቀን የሰማሽው ምን ነበር?»

«ታሟል ነው ያሉኝ፣ እትዬ።»

«እሱንማ ነገራችሁኝ። የቀረውን ነው የምልሽ።»

ዓይኔ ተቃጠለ፤ በበርበሬ እጄ ነክቼው ነው ብዬ አመካኘሁ።

«ልጄ፣ ከጉብታው ስትወርጅ በዚያ በኩል ነው የወረድሽ። ሁልጊዜ በኔ በኩል ነበር የምትወርጅው። ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። በይ እንደ ወረደ ንገሪኝ። አልጮኽም።»

ነገርኳቸው። ‹ግን› የምትለዋንም ነገርኳቸው፤ እርግጠኛ እንዳልሆንኩም ነገርኳቸው። አንድ በርበሬ ይዘው ቆዩ። ጭራውን ቀነጠሱት። ሰፌዱ ላይ አኖሩት።

«አረፈ። እንዲህ ብቻ?»

«እንዲህ ብቻ።»

«ሞተ ካላሉሽ ቃሉ ሁለት ነው» አሉ። «አንዱን ለእኔ ተይልኝ። ደምስ እስኪመጣ እሱን ይዤ እቀመጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አላነሡም። ከዚያም በኋላ በየቀኑ መጡ። ምግብ ይበላሉ፤ ቤታቸውን ይጠርጋሉ፤ ሰው ሲያገኙ «እንዴት ዋላችሁ» ይላሉ። አልቅሰውም ስቀውም አላየኋቸውም። አያ ደምስ አልደወሉም። መስመሩ ወድቆ ነው አልን። ልጁን እያስታመሙ ነው አልን። አባ ይትባረክ እንደ ወትሮው መቀለዳቸውን ተዉ።

አንድ ማለዳ የኬላውን በር ስከፍት አያ ደምስን አየኋቸው። ከአባ ይትባረክና ከሌሎች ሽማግሎች ጋር ከዋንዛው ሥር ቆመዋል። ጋቢያቸውን ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። «ነይ፤ ውኃ ያዥ። ምናልባት ትወድቅ ይሆናል» አሉኝ አባ። ጆጉን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። የበርበሬው ጠረን በጤዛው ላይ ተኝቶ ነበር።

እትዬ ጠጄ በር ላይ ሆነው አዩን። አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው አጎዛና ሰሌን አመጡ፤ ደጁ ላይ አነጠፉ። «ቁጭ በሉ» አሉ። «ቁጭ ሳትሉ እንዳትነግሩኝ።» ተቀመጥን። አባ ይትባረክ ጀመሩ፤ አያ ደምስ ጨረሱት።

ባለ ሻይ ቤቱ የደወለ ዕለት ስማቸው በሕይወት ነበር። ንዳዱ ለቆት፣ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ፣ ከሻይ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ነበር። እናቴን አገናኘኝ ያለው እሱ ራሱ ነው። ባለ ሻይ ቤቱ «አሁን እሱን አነጋግሩት» ብሎ ስልኩን ሲያቀብለው ነው መስመሩ የተቋረጠው። ስማቸው መቋረጡን ሳያውቅ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «እማ፣ እማ» ሲል ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ንዳዱ ተመለሰበት፤ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ አልቆመለትም። አያ ደምስ ሲደርሱ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። የአገሩ ልጆች፣ የጎጃም የቀን ሠራተኞች፣ በወጉ ቀብረውታል። «ለምን አልደወልክም?» የሚላቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው «ይኼን በስልክ መላክ አልቻልኩም፣ ልጄ» አሉኝ።

ሽማግሎቹ ጩኸቱን ጠበቁ። እኔም ጆጉን አጥብቄ ያዝኩ። እትዬ ጠጄ ግን ወንድማቸውን አዩ።

«ያን ቀን አርፎ ነበር?»

«አርፎ ነበር።»

«እህል ቀምሷል?»

«ቀምሷል። ሽሮ በልቷል። ሻይም ጠጥቷል አለኝ ሰውየው።»

«እሰይ» አሉ። ከዚያ ነው የጮኹት። መንደሩ ሁሉ ወጣ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ውኃውን ለማንም አለመስጠቴን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ልቅሶው ሲበተን ጆጉ ሞልቶ እጄ ላይ ነበር።

ከልቅሶው ጊዜ በኋላ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እትዬ ጠጄ ጥቁር እንደለበሱ ኬላው ድረስ መጡ። ሲያድሩ ከስተዋል። ያን ባለ ሻይ ቤት አገናኝኝ አሉኝ። አብረን ጉብታውን ወጣን፤ መሀል ላይ አንድ ጊዜ አረፉ። ደወልኩ። በዚያን ቀን፣ እኔ ስንት ጊዜ የለመንኩት መስመር፣ በመጀመሪያው ጠራ።

ስልኳን ሰጠኋቸው። «እኔ የስማቸው እናት ነኝ» አሉ፤ እንደ ወትሯቸው ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። የሰውየው ድምፅ ከስልኳ ሾልኮ ይሰማኛል። መጀመሪያ ነፍስ ይማር አለ፤ ቀጥሎ ማውራት አቃተው። ትልቅ ሰው ነው፤ እንደ ልጅ ያነባ ነበር። እጄ ላይ ነው የተቋረጠው፣ ይል ነበር። ልጁ «እማ» ሲል ቆሜ እያየሁት ነው የተቋረጠው፣ ቶሎ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ፣ ይል ነበር።

«የለም» አሉት እትዬ ጠጄ። «የለም፣ ልጄ። ሰምቼዋለሁ። ‹እማ› ሲል ሰምቼዋለሁ። መስመሩ ከዚያ በኋላ ነው የተቋረጠው። አንተ አትዘን። ስላበላህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ።»

እኔ ከጎናቸው አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ቀን ስልኳ የነበረችው በእኔ ጆሮ ነው። እሳቸው ከታች ማሳ ውስጥ ነበሩ። ከ«አሁን» ወዲያ እስትንፋስ እንኳ አልተሰማም።

ስልኳን መለሱልኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «በጄ፣ እንውረድ» አሉ። በማሳቸው በኩል ወረድን።

ሾላ ምድርን ከለቀቅሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። መሣሪያ መውደዴን አልተውኩም፤ ዛሬም የጎረቤት ሬድዮ ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣል። በሥራዬ ብዙ ክፉ ዜና ለብዙ ቤተሰብ ነግሬያለሁ፤ አነጋገሩን ተምሬዋለሁ፤ አልቀለለኝም። እትዬ ጠጄ ካረፉ ቆይተዋል፤ የእሳቸውስ የሚያጠራጥር አይደለም፤ አርጅተው፣ ቆርበው፣ በአልጋቸው ላይ ነው። በሕይወት ሳሉ አልፎ አልፎ ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። ያቺን ነገር ግን አንሥቼባቸው አላውቅም። ለዚያ ሰው አዝነው ይሁን ያሉት፣ ወይስ እውነት ከዚያ ማሳ ውስጥ ሆነው የሆነ ነገር ሰምተው፣ አልጠየቅኋቸውም። ሰው መጥቶ እኔን ቢጠይቀኝ ግን፣ የዚያን ቀን ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝና፣ ሰምተውታል እላለሁ።